ሳል ጠባቂዎቹ

ደምለውን ወድጄው አላውቅም። እሱም እኔን አልወደደኝም። ባለፈው ዓመት ስንቀብረው ከሬሳው ኋላ የሄድሁት ወግ ነውና ነው። የገደለው እርጅና እንጂ ሳንባው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ሁላችንም ሳንባው ይገድለዋል ብለን ፈርደንበት ነበር። ፈራጁ ደግሞ እኔ ነበርሁ።

ደምለው የጊች ሰው ነው። አባቱ በዚያ ብርድ ገብስ ሲያርስ ኖሮ ሲሞት፣ ልጁ ሦስት በቅሎ ይዞ ደባርቅ ወረደ። ሥራው ጭነት ነበር። ከጊች ገብስ ያወርዳል፣ ከደባርቅ ጨውና ላምባ ያወጣል፤ በጋ ሲሆን በሊማሊሞ ቁልቁለት ወርዶ እስከ አዲ አርቃይ ይዘልቃል። ዋና የተማረው እዚያ ቆላ ነው። የእኛ አገር ሰው ሙሉ ወንዝ ሲያጋጥመው የበቅሎ ጭራ ይዞ ይሻገራል፣ አለዚያም እስኪጎድል ዳር ላይ ይቀመጣል። እሱ ግን ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ ይገባና በወዲያኛው ዳር ይወጣ ነበር። ጉልበቱን ማንም አይክድም። አፉ ግን ስለት ነው። ሽማግሌ ሲናገር ያቋርጣል። አንድ ቅዳሜ በገበያ መካከል «ሰጠኝ!» ብሎ ጠራኝ፤ «አያ» የለ፣ ምን የለ። እኔ ያን ጊዜ የሃምሳ ዓመት ሰው ነበርሁ። አልረሳሁለትም።

ሁለታችንም የአንድ ማኅበር ሰዎች ነበርን። ዐሥራ ሁለት ሆነን ቅዱስ ሚካኤልን እንዘክራለን፤ በየወሩ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በተረኛው ቤት እንሰበሰባለን። ጽዋችን ትልቅ የቀንድ ዋንጫ ነበር። ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ከንፈር ይዞራል፤ ማኅበርነቱም እሱ ነው። ስንነሣ የማኅበሩ አባት አባ ወልደ ገብርኤል ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባሉ። እሱም በነጠላው ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ እኛም እየዘመርን እንሸኘዋለን። ጽዋው ቤቱ የማይገባ ሰው ማኅበርተኛ ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል? የማኅበሩ ሙሴ እኔ ነበርሁ። ሙሴ ማለት ተራ የሚያስጠብቅ፣ ጥል ሲነሣ የሚፈርድ ማለት ነው።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ደምለው ደም ተፋ። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። ጎንደር ወርዶ ተኛ፤ ስልሳ መርፌ ተወጋ። በቅሎዎቹ ተሸጡ። ሲመለስ ሱሪው ከወገቡ እየወረደ በገመድ ታስሮ ነበር። ክኒን ደግሞ ለአንድ ዓመት እንዲውጥ ታዘዘ።

በተመለሰበት ወር ማኅበር ላይ ሲመጣ፣ ይግዛው የጣሳ ኩባያ ይዞ ጠበቀው። ይግዛው የደምለው ሚስት የማንጠግቦሽ ታላቅ ወንድም ነው፤ እህቱን ለደምለው መዳሩ ዕድሜ ልኩን ሲቆጨው የኖረ ሰው። የጣሳው ጆሮ ላይ ከሌላ ዕቃ እንዳይቀላቀል ቀይ ክር አስሮበታል።

«ይኸ ያንተ ነው» አለው። «በየተረኛው ቤት ከበሩ ጀርባ ይቀመጥልሃል።»

ደምለው ጣሳውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። እኔ ዝም አልሁ። የሙሴ ዝምታ ፍርድ ነው። በግንቦት ተራው ደረሰ፤ ዘለልነው። ዓመት ሙሉ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ በቀይ ክር ጣሳ ጠጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀር ነበር። እሱ አንድ ወር አልቀረም፤ ይህም ያናድደኝ ነበር።

በሰባ ስድስት ግንቦት ተራው እንደገና ደረሰ። ክኒኑን ከጨረሰ ሁለት ወር ሆኖታል። ማኅበሩ መካከል ተነሥቶ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ።

«ከክሊኒክ ነው። ድሬሰሩ ኪዳነ ማርያም ጽፎልኛል። ያንብቡት።»

ያን ጊዜ ፊደል አልለይም ነበር። መሠረተ ትምህርት ሲጠሩን ላሜ ታመመች እያልሁ ስቀር ከርሜያለሁ፤ ያቺ ላም በሁለት ዓመት ስንቴ እንደታመመች እግዜር ይቁጠረው። ወረቀቱን ለአባ ማቀበል ይገባኝ ነበር። አቀብዬ አላነብም ከማለት ግን፣ ዘርግቼ አየሁት፣ መልሼ አጠፍሁት፣ ኪሴ ከተትሁት።

«ወረቀት፣ የጻፈው ሰው ያለውን ይላል» አልሁ።

«ወረቀቱማ አያስልም» አለ ይግዛው። «የሚያስለው አንተ ነህ።»

ያን ወረቀት ከዓመታት በኋላ፣ ፊደል በራሴ ለቅሜ፣ አነበብሁት። ሦስት መስመር ነው። «መድኃኒቱን ጨርሷል። በሽታው ከእሱ ወደ ሰው አይተላለፍም። ከሰው ጋር ሊበላና ሊጠጣ ይችላል።» ሳጥኔ ውስጥ አለ።

የዚያን ቀን ደምለው አልተቀመጠም። በዚያ ሰሞን ከአውራጃ የመጣ የስፖርት ሹም በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ነገር አስነግሮ ነበር። ለዐሥረኛው የአብዮት በዓል፣ መስከረም ሁለት፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ውድድር ይወዳደራል፦ ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ። ከደባርቅ በታች ወንዙ በሚተኛበት ጥልቅ ባሕር ተዋኝቶ፣ እስከ ዳባት በብስክሌት ተሂዶ፣ ዳባት ላይ እስከ ኮረብታው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መልስ ይሮጣል። ስብሰባው በሙሉ ሥቆ ነበር።

«እኔ እገባበታለሁ» አለ ደምለው። «ሦስቱንም እጨርሳለሁ። የሳንባ በሽተኛ ይህን ከጨረሰ እናንተ ጤነኞቹ ምንድን ናችሁ?»

«ከዚህ እስከ ቤትህ ደጃፍ ሩጥና እንይህ» አለ ይግዛው።

ሰው ሣቀ። እኔም ነገሩ እዚያው እንዲያልቅ ፈለግሁ። «እሺ» አልሁ። «ሦስቱንም ሳታስል ከጨረስህ፣ በመስከረም ሚካኤል ጽዋው ላንተ ይሰጣል። ካሳልህ ግን ከማኅበሩ ትወጣለህ፤ ጣሳህንም ይዘህ ትሄዳለህ።» እንደማይችል እርግጠኛ ሆኜ ነው የተናገርሁት። እሱም ያውቃል።

«አባ ይስሙልኝ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ጀመረ። ወደ ሊማሊሞ አፋፍ የሚወስደውን መንገድ ይዞ፣ ከአንዱ የስልክ እንጨት እስከ ሁለተኛው ይሮጣል፤ ከዚያ ተቀምጦ ያለከልካል። የመጀመሪያው ሳምንት አንድ እንጨት ነበር። ጠላ ቤት ያለው ሰው ሥራ አገኘ፤ «ዛሬ ስንት እንጨት ሆነ?» መባባል ሰላምታ ሆነ። በሰኔ አጋማሽ ስድስት ደረሰ። በሐምሌ፣ በዚያ ጭቃና በረዶ፣ አፋፉ ድረስ ሄዶ ሳይቀመጥ ሲመለስ ሰዎቹ መቁጠሩን ተዉት።

ብስክሌቱን ያዋሰው ኪዳነ ማርያም ነው። ጥቁር የቻይና ብስክሌት ነበረው። ደምለው መጀመሪያ ቀን ቦይ ውስጥ ገብቶ ግንባሩ ተተረተረ። ይግዛው ይህን ሲያይ፣ «በቅሎ ሸጦ ብረት ጋለበ፤ ብረቱም ጣለው» ብሎ ገበያውን አዳረሰ። ማንጠግቦሽ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ስታስሮጠው ታይታለች፤ ባለትዳር ሴት እንዲህ መሆኗን ሰው አልወደደላትም።

የዋናው ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። የክረምት ውኃ ጤነኛውንም ይመታል፤ ሳንባው የቆሰለማ ገብቶ አይወጣም ብለን ነበር። እሱ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ይገባል። ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ማንጠግቦሽ በጋቢ ጠቅልላ ታሸዋለች።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። ኪዳነ ማርያም የደምለው ሥጋ ሲያልቅ አይቶ፣ «ወተትና እንቁላል ካልቀመስህ ይህ ጉልበት መስከረም አይደርስም» አለው። ይህ ወሬ ጆሮዬ ገባ። በሽተኛ ጾም ይፈታለታል፤ አባም ቢጠየቁ አይከለክሉም። እኔም ይህን አውቄ፣ ከቅዳሴ መልስ ይግዛው ባለበት እንዲህ አልሁ፦

«ይጠጣ እንጂ ወተቱን። ጾም የተፈታለት ግን በሽተኛ ነው ማለት ነው። በሽተኛ ደግሞ ጽዋ አያነሣም።»

ወጥመዱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ይግዛው በዚያው ዕለት ወስዶ ነገራቸው።

በማግስቱ ማንጠግቦሽ ቤቴ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«አያ ሰጠኝ፣ ባሌን ወተት ከልክለውታል አሉ።»

«እኔ አልከለከልሁም። ጠጣ ነው ያልሁት።»

«አዎ። ጠጣና ውጣ።» ነጠላዋን አጣፋች። «ሲታመም አንድ ቀን ደጃችንን ያልረገጣችሁ ሰዎች፣ አሁን ድስቴ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ጎረቤቴን ወተት ይሸታል ወይ ይላታል። እርስዎ ደግሞ ሙሴ ነዎት።»

«ሙሴ ነኝ።»

«ሙሴስ ሕዝቡን አሻግሮ ነበር» ብላ ወጣች።

ወተቱን አልጠጣም። ዐሥራ አምስቱን ቀን በተልባ፣ በሽምብራና ከጊች በመጣ የገብስ በሶ ቆየ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ጠዋት ይሮጣል። አጥንቱ ጉንጩን ሊበሳ ደረሰ። ለማርያም ሲፈታ አይቼው፣ በሬሳ የምንወራረድ መሰለኝ። ግን ቃሌን አላነሣሁም። ቃሉን የሚያነሣ ሙሴ አይባልም ብዬ አምን ነበር።

ከበዓሉ በፊት ማኅበርተኛውን ሰብስቤ ጥበቃ ደለደልሁ። እኔ ውኃው ዳር። ስድስቱ በደባርቅና በዳባት መካከል፣ ዳገት ዳገቱ ላይ። ይግዛውና ቀሪዎቹ ዳባት፣ መጨረሻው ላይ። ሥራችን አንድ ነው፦ ማሳሉን ማድመጥ። ከተማው ሰምቶ «ሳል ጠባቂዎች» የሚል ስም አወጣልን። ሌላው ሰው ሌባ ሲጠብቅ እኛ ሳል ጠበቅን።

መስከረም ሁለት ጠዋት ጉም ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ዐሥራ አንድ ናቸው፦ ዳባት ካለው ጦር ሰባት ወታደር፣ ሁለት አስተማሪ፣ አንድ የእርሻ ሠራተኛ፣ ደምለው። ሹሙ ደምለውን አይቶ፣ «ይኸ ሰውዬ ደኅና ነው?» ሲል ኪዳነ ማርያም «ከእርስዎ ይሻላል» አለው። ፊሽካ ተነፋ።

ውኃው ደፍርሶ ቀይ ሆኗል። አራት ጊዜ መመላለስ ነበር። ወታደሮቹ በጉልበት ገቡ፣ በጉልበት ተዳከሙ፤ አንዱን በገመድ ጎትተው አወጡት። ደምለው ሳይቸኩል፣ ራሱን ቀና አድርጎ ተመላልሶ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ። የወጣው እኔ በቆምሁበት ቋጥኝ በኩል ነው። ጎንበስ አለ። በእጁ አፉን ይዞ አንድ ጊዜ አሳለ።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ገጠምን። ሌላ ማንም አልሰማም። ብስክሌቱን ይዞ ሄደ።

ደስ አለኝ። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው። ደስ አለኝ፤ ዝም ማለትንም መረጥሁ። ሁሉም ሰው አላሳለም ብሎ ሲመሰክርለት፣ አባ ጽዋውን ሲያነሡ፣ እሱ እጁን ሲዘረጋ፣ ያን ጊዜ እናገራለሁ አልሁ። በገበያ መካከል ስሜን እንደጠራው፣ በማኅበር መካከል እጁን ባዶ እመልሰዋለሁ።

ሕዝቡን ወደ በዓሉ የሚያደርስ መኪና ላይ ተሳፈርሁ። ደምለውን ዳገት ላይ አገኘነው፤ ሰንሰለቱ ወልቆበት፣ ጣቱ በቅባት ጠቁሮ፣ ወታደሮቹ እያለፉት ያስገባል። ከየዳገቱ ያነሣናቸው ማኅበርተኞቼ ከመኪናው ጠርዝ ተንጠልጥለው ጆሮ ሰጡ።

«አሳለ!» አለ አንዱ።

«ተፋ እንጂ አላሳለም።»

«መትፋት ከማሳል ምን ይለየዋል?»

«አንተ አሁን ተፋህ። ነቀርሳ አለብህ?»

ዳባት ድረስ በዚህ ሲከራከሩ ሄዱ።

ብስክሌቱን ጥሎ መሮጥ ሲጀምር ሰባተኛ ነበር። ከኮረብታው ሲመለስ አራተኛ ሆኖ መጣ። ለሦስቱ ሽልማት ተሰጠ፤ ለእሱ ምንም አልደረሰውም። የመጨረሻውን ገመድ እንዳለፈ ይግዛው ቀረበና፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮውን በደረቱ ላይ አስጠጋ። ሕዝብ እያየ ነው። ደምለው አልገፋውም። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በይግዛው አናት ላይ እየተነፈሰ፣ ቆሞ አስደመጠው።

«ሰማህ?» አለው።

«ትተነፍሳለህ» አለ ይግዛው።

«ለማንጠግቦሽ ንገርልኝ። ደስ ይላታል።»

መስከረም ዐሥራ ሁለት ማኅበሩ ተሰበሰበ። ጣሳው ከበሩ ጀርባ እንደ ወትሮው ተቀምጧል። ከተበላ በኋላ ጠባቂዎቹን በየተራ ጠየቅሁ። አልሰማሁም። አልሰማሁም። ይግዛው ሳይቀር ወለሉን እያየ አልሰማሁም አለ። የእኔን ማንም አልጠየቀም፤ ጠያቂው እኔ ነኛ።

አባ ወልደ ገብርኤል ጽዋውን ይዘው ተነሡ። ደምለው ነጠላውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ቀረበ። አፌን ልከፍት ስል፣ ነጠላውን መልሶ ትከሻው ላይ ጣለ።

«አባ፣ ይቆዩ» አለ። «እኔ አስያለሁ። ከውኃው ስወጣ፣ አንድ ጊዜ። አያ ሰጠኝ ሰምተዋል። ዝም ያሉት ለምን እንደሆነ እሳቸው ይንገሩን።»

አያ ብሎ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው።

«አለቀ!» አለ ይግዛው። «በገዛ አፉ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ሰዓት ጠልቼ አላውቅም። ለዐሥር ቀን ስስለው የቆየሁትን ቢላ ከእጄ ወስዶ መሬት ላይ አኖረው።

«ለምን ተናገርህ?» አልሁት። «ዝም ብትል ትወስደው ነበር።»

«በእርስዎ ዝምታ የገባ ጽዋ፣ በእርስዎ አፍ ይወጣል» አለኝ። «ቤቴ ከገባ በኋላ ከሚወጣ፣ ሳይገባ ይቅር።»

አባ ጽዋውን እንደያዙ ናቸው። «ሙሴ፣ ፍርዱ የእርስዎ ነው» አሉ።

ያን ውኃ ዳር መልሼ አየሁት። ከደምለው በኋላ የወጡትን። ወታደሮቹ ተንበርክከው ሲያስሉ፣ ሁለቱ አስተማሪዎች ዛፍ ተደግፈው ሲያስሉ፣ በገመድ የወጣው እስኪያስመልሰው ድረስ ሲያስል። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ቆሜ የነበረውኮ ለማድመጥ ነው። አንዱን ብቻ ያዝሁ እንጂ ዘጠኙን ጥያቸው መጣሁ። ሁለት ዓይነት ሚዛን የያዘ ነጋዴ በገበያችን ይገረፍ ነበር።

«ከውኃው ሲወጣ ያሳለው ዐሥር ሰው ነው» አልሁ። «ያሳለ ሁሉ ነቀርሳ ካለበት፣ የዳባት ጦር አልቋል። ጽዋውን ስጡት።»

«ቃልዎ ‘ሳታስል’ የሚል ነበር» አለ ይግዛው።

«ቃሌ ስሕተት ነበር።»

እነዚህን ሁለት ቃላት ለማውጣት ምን ያህል እንደደከምሁ እኔ አውቃለሁ። ይግዛው ጫማውን አጠለቀ። «እኔ ከዚያ ቤት አልጠጣም» ብሎ ሄደ፤ እስኪሞትም አልጠጣም። ደምለው ጽዋውን ተቀብሎ ሸፈነ። አላመሰገነኝም። ሲወጣ ከበሩ ጀርባ ያለውን ጣሳ አንሥቶ በሌላ እጁ ያዘ። መዝሙሩን ተከትዬ እስከ ደጁ ሸኘሁት፤ መግባት ግን አልገባሁም።

በጥቅምት ሚካኤል ከዐሥራ አንዳችን ስምንት ሆነን ቤቱ ሄድን። ቤቱ ተለቅልቆ፣ ጠላው ተጠልቆ ይጠብቀናል። አባ ባረኩና ጽዋው መዞር ጀመረ። ከአባ ወደሚቀጥለው፣ ከእሱ ወደሚቀጥለው። እኔ ጋ ሲደርስ ማንጠግቦሽ መጥታ ጽዋውን ከጎረቤቴ እጅ ተቀበለችና አልፋኝ ለወዲያኛው ሰጠችው። ከዚያ ጓዳ ገብታ ወጣች። ፊቴ ያኖረችው ቀይ ክር የታሰረበትን ጣሳ ነው፤ አፍ እስከ ገደፉ ሞልታዋለች።

አባ ማተባቸውን ይዘው ወደ ምሰሶው አዩ። ደምለው ከተቀመጠበት አልተንቀሳቀሰም፤ ተይም አላላትም።

«ይጠጡ፣ አያ ሰጠኝ» አለች። «ታጥቧል።»

ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነው፤ ይግዛውም ውጭ የሚቀበለኝ ሰው ነበር። ጣሳውን አነሣሁት። ጠላው ጥሩ ነበር፤ የብረት ጣዕም ግን ነበረው። ያን ጣዕም ከአንድ ዓመት በላይ አንድ ሰው ሲቀምሰው አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። እስከ አተላው ጠጥቼ ባዶውን አቀበልኋት።

ጣሳውን ገልብጣ አየችው።

«ልድገምዎት?» አለች።

«ድገሚኝ» አልኋት።